ስልክና ቴፕ ሲጣሉ፦ ከአራት ኪሎ እስከ መስቀል አደባባይ

አጎቴ ያገለገለች መኪና ከገዙ ወዲህ ቅሬታቸው በሞተሩ ወይም በፍሬኑ አይደለም፤ በቴፑ ነው። ስክሪኑ ሰፊ ነው፤ የስልክን ካርታና ሙዚቃ በመኪናው ስክሪን ላይ የሚያወጡትን አንድሮይድ አውቶንም ካርፕሌይንም ይቀበላል፤ የእሳቸውን ስልክ ግን ሲፈልግ ያውቀዋል፣ ሲፈልግ ይክደዋል። ፒያሳ ተወልደው ያደጉ ሰው ካርታ ምን ያደርግላቸዋል እንዳይባል፣ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ መታጠፊያው ሁሉ ተለዋውጦባቸዋል። እሑድ ጠዋት አራት ኪሎ ላይ «ግባ፤ እየሄድን ታየዋለህ» አሉኝ።

ስልኩን በገመድ ሰካሁት። ቻርጅ ማድረግ ጀመረ፤ ስክሪኑ ግን ወይ ፍንክች።

«ቻርጅ ካደረገማ ገመዱ ደህና ነው» አሉ።

ሰው ሁሉ በመኪናው የሚፈርደው እዚህ ላይ ነው። በተለመደው የዩኤስቢ ገመድ ውስጥ 4 ሽቦዎች አሉ፤ ሁለቱ ኤሌክትሪክ፣ ሁለቱ መረጃ ያመላልሳሉ። ከርካሾቹ ገመዶች መካከል የመረጃ ሽቦ ጭራሽ የሌላቸው አሉ፤ ስልኩን ይቀልቡታል እንጂ ከመኪናው ጋር አያነጋግሩትም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ አጠገብ ጥግ ይዘን ቆምንና የራሴን ገመድ ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰካሁት። ካርታው ወዲያው ወጣ። መኪናዋ ሁለት መሰኪያ አላት፤ የኋለኛው ለቻርጅ ብቻ መሆኑንም በዚያው አየን።

አጎቴ ግን ገመድ አይወዱም። የቸርችልን ቁልቁለት ስንጀምር ነቅዬ ያለ ገመድ ሞከርኩት። ብሉቱዙ «ተገናኝቷል» ይላል፤ ካርታው የለም። ብሉቱዝ እዚህ ላይ ዋና ሥራው ማስተዋወቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ምስሉም የሙዚቃው ድምፅም የሚያልፈው ስልኩና መኪናው በመካከላቸው በሚፈጥሩት ዋይፋይ ነው። ያንን መንገድ የሚዘጋ ነገር ስፈልግ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን ምስል አልፈን ወረድን፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ስንደርስ ከስልኩ አናት ላይ ትንሿን የቁልፍ ምልክት አየኋት። ቪፒኤን! በ2015 ዓ.ም. ፌስቡክና ቴሌግራም በተገደቡ ጊዜ ብዙዎቻችን ጭነነው ረስተነዋል። ቪፒኤን የስልኩን የመረጃ ፍሰት በራሱ መስመር ስለሚወስድ የመኪናውን ግንኙነት ሊያሰናክል ይችላል። አጠፋሁት፤ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ካለው የአንበሳ ሐውልት ሳንደርስ ካርታው መጣ።

ለገሃር ላይ ተመልሶ ጠፋ። አሁን የጠረጠርኩት ቴፑ የተዋወቃቸውን ስልኮች የሚይዝበትን መዝገብ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ቴፖች መኪናው እየሄደ ይህን መዝገብ ስለማይከፍቱ በስታዲየም በኩል ታጥፈን መስቀል አደባባይ ከመሬት በታች ወዳለው ማቆሚያ ገባን። እዚያ የካርታ ቀስት ቢቆም ሌላ ነገር ነው፤ የሳተላይቱ ምልክት ኮንክሪቱን አያልፍም፤ ሲወጡ ይስተካከላል።

መዝገቡን ስከፍት መኪናዋ በእጃቸው ያለፈች ሰዎች ስልኮች በስም በስማቸው ተደርድረዋል። የአንዱማ የስልክ ማውጫና የጥሪ ዝርዝር ሳይቀር ተቀምጧል፤ መኪና የሚሸጥ ሰው ይህን ሳይሰርዝ ቁልፍ ማስረከቡ ይገርመኛል። ሁሉንም ሰርዤ፣ የአጎቴንም ስልክ ከሁለቱም ወገን፣ ከቴፑም ከስልኩም፣ አጥፍቼ እንደ አዲስ ላስተዋውቃቸው ስል አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ።

«ይኼ ደላላው አይደለም እንዴ? በል እሱን አስቀድመህ ሰርዝልኝ።»