እንቁላል አንድ አንድ እየገዙ

የጥር ሰርግ ወከባ ጋብ ባለ በሳምንቱ ታላቅ እህቴ ከዋሽንግተን ደወለች። አልበም የምታሰናዳው እሷ ናት፤ ፎቶዎቹ ግን ያሉት ቸርችል ጎዳና ቢሯችን፣ ናሱ ውስጥ ነው። ናስ ስል ብረቱን አይደለም፤ ከራውተሩ ጋር በኬብል የተያያዘች፣ ፋይሎቻችንን የምናስቀምጥባት ባለ ሁለት ዲስክ ሣጥን ናት።

«አንተ፣ ይሄ ነገር በግመል ተጭኖ ነው እንዴ የሚመጣው?»

የምትጎትተው ለመምረጫ ያሳነስኳቸውን 4,000 ፎቶዎች ነበር። እያንዳንዱ 200 ኪሎባይት ገደማ፣ ሲደመር 800 ሜጋባይት። እሷ ጋ የሚታየው ፍጥነት በሰከንድ 140 ኪሎባይት። የእሷ ዳውንሎድ የእኔ አፕሎድ ነው፤ የመስመራችን አፕሎድ ደግሞ 20 ሜጋቢት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 2.5 ሜጋባይት ይሆናል። ታዲያ የቀረው የት ገባ?

መጀመሪያ የረገምኩት ኢንተርኔቱን ነው፤ ልማድ ነዋ። ቀጥሎ እዚያው ቢሮ ውስጥ ከናሱ ወደ ኮምፒውተሬ አንድ ቪዲዮ ስገለብጥ በሰከንድ 11 ሜጋባይት ላይ ተቸነከረ። ይሄ ቁጥር የ100 ሜጋቢት ምልክት ነው። ኬብሉን በእጄ እየዳበስኩ ስከተል የፋይል ካቢኔቱ እግር ላዩ ላይ ቆሟል! ጊጋቢት አራቱንም ጥንድ ሽቦዎች ይፈልጋል፤ 100 ሜጋቢት ግን ሁለቱ ይበቁታል። ስለዚህ 100ው ከማይጠቀምባቸው ሁለት ጥንዶች አንዱ ሲበጠስ መስመሩ አይሞትም፣ ድምፁን አጥፍቶ ዝቅ ይላል። ኬብሉን ቀየርኩ፤ 110 ገባ። ደረቴን ነፍቼ ደወልኩላት።

«ያው ነው» አለችኝ።

ያው መሆኑ አይቀርም ነበር። 20 ሜጋቢት የሚወጣበት መስመር 100ውንስ መቼ ሞላውና! ለሁለት ሰዓት ካቢኔት የገፋሁት ለራሴ ነው።

እስቲ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ብቻ ጎትቺ አልኳት። በሰከንድ 2.2 ሜጋባይት እየሆነ መጣ። እንግዲህ መስመሩ ደህና ነው፤ ችግሩ የፋይሎቹ ብዛት ነው። ፒንግ ሳደርግ፣ ማለትም ትንሽ መልእክት ልኬ መልሱ እስኪመጣ ስለካ፣ ደርሶ መልሱ 240 ሚሊሰከንድ። ፎልደሩን የምትከፍተው በቪፒኤን (ከሩቅ ወደ ቢሯችን ኔትወርክ በሚያስገባው የተመሰጠረ መስመር) በኩል፣ በኤስኤምቢ (ፎልደርን በኔትወርክ በሚያጋራው ዘዴ) ነው፤ እሱ ደግሞ ለያንዳንዱ ፋይል ክፈት፣ ስንት ነህ፣ አንብብ፣ ዝጋ እያለ ይመላለሳል። ቢሮ ውስጥ ምልልሱ ከአንድ ሚሊሰከንድ ስለሚያንስ አይሰማም። ዋሽንግተን ሲሆን ግን አንድ ደርዘን እንቁላል ለመግዛት አሥራ ሁለቴ ሱቅ እንደመሄድ ነው። ለአንድ ፎቶ ስድስት ምልልስ ብንል አንድ ሰከንድ ተኩል ሊሞላ ምንም አይቀረው፤ ለ4,000ው ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ።

አንድ ወዳጄ «ቪፒኤኑን ተወውና ፖርት 445ን ክፈትላት» ብሎኝ ነበር፤ የኤስኤምቢን በር ለመላው ኢንተርኔት ክፈተው ማለቱ ነው። ሞቼ ነው! በ2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ዓለምን ያመሰው በዚያው በር ገብቶ ነው። ቪፒኤኑም ቢሆን ጥፋት የለበትም።

ያደረግኩት ይሄው ነው፦ እዚያው ናሱ ላይ ፎልደሩን ብዙ ፋይሎችን በአንድ በሚያስረው ታር በሚባል ፕሮግራም አንድ ፋይል አደረግኩት። አላመቅኩትም፤ ጄፔግ ድሮም የታመቀ ስለሆነ የናሷን ደካማ ፕሮሰሰር ከማልፋት በቀር ትርፍ የለውም። ከዚያ በኤስኤፍቲፒ፣ በሌላ የፋይል ማስተላለፊያ ዘዴ፣ ጎትቺው አልኳት። መብራት ብልጭ ቢል እንኳ ካቆመበት ይቀጥላል።

ስድስት ደቂቃ ፈጀ። ወዲያው ደወለች።

«ደርሷል። ግን የሙሽራዋ እናት ሁሉም ፎቶ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።»