የቶርኖ ማንድሪኖ ሮታሪ ቴብል ላይ እንዴት ገጠምኩ

ጠፍጣፋ ዕቃ ሮታሪ ቴብል (በእጀታ በዲግሪ እየተለካ የሚዞር ክብ የሥራ ጠረጴዛ) ላይ ማሰር አያስቸግርም። ዘንግ ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ዙሪያውን ጨብጦ የሚይዝለት መንጋጋ ይፈልጋል። ግቢያችን ውስጥ ባለችው ትንሽ ወርክሾፕ የሚመጣልኝ ሥራ ደግሞ አብዛኛው ዘንግ ነው። የሥጋ መፍጫ ዘንግ፣ የፓምፕ ዘንግ፣ የወፍጮ ዘንግ። ጫፉ ላይ አራት ማዕዘን ወይም ስድስት ማዕዘን አውጣልኝ ይሉኛል። ስለዚህ ባለ ሦስት መንጋጋ የቶርኖ ማንድሪኖ፣ ማለትም በቶርኖ (በብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ዕቃ ጨብጦ የሚይዘውን ክፍል፣ ቴብሉ ላይ ልገጥም ተነሳሁ።

መጀመሪያ መጠን። ቴብሌ 150 ሚሊ ነው። 125 ሚሊ ማንድሪኖ በእጄ ነበረ፤ የመረጥኩት ግን 100 ሚሊውን ነው። የዚህ ዓይነት ማንድሪኖ የሚታሰረው ከጀርባው ስለሆነ፣ በእሱና በቴብሉ መካከል አንድ ክብ ፍላንጅ (ማያያዣ የብረት ሳህን) መግባት አለበት። ፍላንጁን ከቴብሉ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ደግሞ ከማንድሪኖው ውጭ መውጣት አለባቸው። በ125ቱ ለብሎን የሚተርፈው ጠርዝ 12 ሚሊ ተኩል ብቻ ነው። የ8 ሚሊ ብሎን ራስ ራሱ 13 ሚሊ ነው! በ100ው ግን ዙሪያውን 25 ሚሊ ይተርፋል።

ከፍታም መታሰብ አለበት። ቴብል፣ ፍላንጅና ማንድሪኖ ሲደራረቡ፣ ቴብሉ የሚቀመጥበት ፍሬዛ (በሚሽከረከር መቁረጫ ብረት የሚቆርጥ ማሽን) ትንሽ ከሆነ መሥሪያ ቦታ ያጥራል። ፍላንጁን 15 ሚሊ ያደረግኩት ለዚህ ነው።

ብረቱን ከምናለሽ ተራ ገዛሁና ወደ ቶርኖ ቤት ወሰድኩት። የኔ ማንድሪኖ ከጀርባው 72 ሚሊ የሆነ ጎድጓዳ ክብ አለው፤ ሦስቱ የ8 ሚሊ ብሎኖች ደግሞ በ84 ሚሊ ክብ ላይ ተቀምጠዋል። ፍላንጁ ላይ የሚወጣው እርከን ጎድጓዳው ውስጥ ልክክ ብሎ እንዲገባ ለመንኳቸው። ከቴብሉ ጋር ለሚያስሩት ለአራቱ ቀዳዳዎች ግን 10 ሚሊ አልኳቸው።

«የኔ ልጅ፣ ለ8 ብሎን 10 ቀዳዳ? ይላወሳል እኮ» አሉኝ ባለሙያው።

«ይላወስ ጋሼ፤ የምፈልገው እሱን ነው» አልኳቸው።

የሥራው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ማንድሪኖውን ከፍላንጁ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ከታች ወደ ላይ ስለሚገቡ፣ ራሳቸው ፍላንጁ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ቴብሉ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ቁልፍ አይደርስባቸውም። ስለዚህ እዚያ ልቅነት ቢኖር ማስተካከያ የለውም። የቴብሉ ብሎኖች ግን ከላይ ናቸው፤ ላላ፣ ነካ፣ ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ልቅነቱን ቁልፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ ትቼ፣ ማዕከሉን በዳያል ኢንዲኬተር (ጥቃቅን ልዩነትን በጠቋሚ በሚያሳይ መለኪያ) አገኘዋለሁ ማለት ነው። አንዳንዶች በቴብሉ መሃል ባለው ቀዳዳ ልክ የተሠራ መሃል ያዥ ከፍላንጁ ሥር ይከታሉ። ፈጣን ነው። ነገር ግን የሦስት መንጋጋ ማንድሪኖ የራሱ ስህተት አለው፤ ፍላንጁ መሃሉ ላይ ከተቸነከረ ያንን ስህተት ማረም አይቻልም።

ለመለካት መንጋጋው ውስጥ አስሬ የተጠቀምኩት ከአሮጌ አሞርዛተር የወጣ ክሮም ዘንግ ነው። ልሙጥና ቀጥ ያለ ከሆነ ከዚህ የተሻለ በቀላሉ አይገኝም። ከመግጠሜ በፊት የቀዳዳዎቹን ጠርዝ በሞረድ አለሰለስኩ፤ የቴብሉንም ፊት በጨርቅና በነጭ ጋዝ ጠረግኩ። አንዲት የብረት ፍርፋሪ ከሥር ብትቀር ማንድሪኖው ያዘነብላል።

ከዚያ ሁለት የተለያዩ ልኬቶች አሉ፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያምታታቸው እነዚህን ነው። የመጀመሪያው ማንድሪኖው ከቴብሉ መሃል ጋር መግጠሙ ነው። ለዚህ ኢንዲኬተሩ ቆሞ ቴብሉ ይዞራል። ሁለተኛው የቴብሉ መሃል ከፍሬዛው ስፒንድል (መቁረጫው ከሚታሰርበት የሚሽከረከር ዘንግ) ጋር መግጠሙ ነው። ለዚህ ደግሞ ቴብሉ ቆሞ፣ ስፒንድሉ ላይ የታሰረው ኢንዲኬተር በዘንጉ ዙሪያ ይዞራል። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ከሆነ ሥራው ይቀላል።

በመጀመሪያው ዙር ጠቋሚው ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው 0.30 ሚሊ ካሳየ፣ መግፋት ያለብን ግማሹን 0.15 ነው። ብሎኖቹን በጣም ሳላላላ፣ ከፍ ያለውን ጎን በፕላስቲክ መዶሻ ኳ ኳ አደርጋለሁ። ጠቋሚዋ ትንቀጠቀጥና ወደ ታች ትሸሻለች። ሲስተካከል ብሎኖቹን በመስቀለኛ በጥቂት በጥቂቱ አጠብቃለሁ። እንደገናም አዞራለሁ፤ ሲጠብቅ መሸሽ ልማዱ ነውና። ከብሎኖቹ ሥር ወፈር ያለ ሮንዴላ ማድረግ ይህን ሽሽት ይቀንሰዋል።

ቀጥሎ ኢንዲኬተሩን ከመንጋጋው 80 ሚሊ ያህል ከፍ አድርጌ ያንኑ እደግማለሁ። ታች ትክክል ሆኖ ላይ ከተዛባ፣ ወይ ዘንጉ ጎብጧል ወይ ማንድሪኖው አዘንብሏል። ለመለየት መንጋጋውን አላልቶ ዘንጉን ብቻ ግማሽ ዙር ማዞር ነው። ከፍ ያለው ጎን ዘንጉን ተከትሎ ከዞረ ጥፋቱ የዘንጉ ነው።

ይህ ሁሉ ሥራ በእጅ የሚዞር ስለሆነ መብራት አይፈልግም። መብራት ሲሄድ በሩን ከፍቼ በቀን ብርሃን የምሠራው ይህንን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የጎረቤት የሥጋ መፍጫ ዘንግ ሆነ፤ እጀታው የሚገባበት አራት ማዕዘን ተበልቶ አልቆ ነበር። በአዲስ ዘንግ ላይ አወጣሁት። ቴብሌ 90 ለ 1 ስለሆነ፣ ማለትም የቴብሉ እጀታ 90 ጊዜ ሲዞር ቴብሉ አንዴ ስለሚዞር፣ የዚህ እጀታ አንድ ዙር 4 ዲግሪ ነው። ከአንዱ ጎን ወደ ቀጣዩ ለመሄድ፣ ለአራት ማዕዘን 22 ዙር ተኩል፣ ለስድስት ማዕዘን 15 ዙር። ቴብሉን በሚያዞሩት ጥርሶች መካከል ክፍተት ስላለ ሁልጊዜ ከአንድ አቅጣጫ ብቻ እመጣለሁ። ካለፍኩ በደንብ ወደ ኋላ መልሼ እንደገና እደርስበታለሁ። ከመቁረጤ በፊት የቴብሉን መቆለፊያ አጠብቃለሁ፤ ካልተቆለፈ መቁረጫው ያንኑ ክፍተት ይዞ ዘንጉን ያንገጫግጨዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። የሦስት መንጋጋ ማንድሪኖ በ20 ሚሊ ዘንግ ላይ ስህተቱ ዜሮ ቢሆን በ35 ሚሊው ላይ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የዘንጉ ውፍረት በተለወጠ ቁጥር ኢንዲኬተሩን መልሼ አስጠጋለሁ። ቀዳዳዎቹ ሰፊ ስለሆኑ ማረሙ ረጅም ሥራ አይደለም። እንደ ሥጋ መፍጫው ላለ ሥራ ትንሽ ብትዛባም ችግር የለውም፤ ኩሽኔታ ለሚገባበት ዘንግ ግን ሳልለካ መቁረጫውን አላስነካም።