አንድ ጫማ ማዶ

ዛሬ በደቡብ ኮሪያ ዋና ከተማ ሶል ውስጥ አንድ ትርኢት አየሁ። ተዋናይ የለም፤ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ራሳቸው መድረክ ላይ ወጥተው የኖሩትን ያወራሉ። አንዲት እማማ ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመሩ፣ ከዚያ የአንድ እግራቸውን ጫማ አውልቀው ማዶ አስቀመጡና ዝም አሉ። ጉሮሮዬን ዘጋኝ። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከሰሜን ሲሸሹ እናታቸው "ሳምንት ነው፣ እደርስብሻለሁ" ብለዋቸው ነበር አሉ። ተኩስ አቁሙ የተፈረመው እ.ኤ.አ. በ1953 ነው፤ የሰላም ስምምነት ግን ዛሬም የለም፣ የተለያየ ቤተሰብ ማገናኘቱም ከ2018 ወዲህ ቆሟል። ሳምንቷ እንዲህ ረዘመች!

መውጫው ላይ ከየት ነሽ አሉኝ። ኢትዮጵያ ስላቸው፣ በዚያ ጦርነት የዘመተውን የኢትዮጵያ ጦር ስም ጠርተው "ቃኘው!" ብለው እጄን ጭብጥ አደረጉት። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንድ እግራቸው አሁንም በካልሲ ብቻ ነው።