ወፍራም ፍራሽ ላይ ተኝተው የበረዳቸው እንግዳ

የምሠራው ባሕር ዳር ውስጥ፣ እንግዶችን በሳይክል በጣና ዳርቻ በሚያስጎበኝ አነስተኛ ድርጅት ነው፤ ንብረት ክፍል። ድንኳኑ፣ ስሊፒንግ ባጉ (የመኝታ ከረጢቱ)፣ ምንጣፉ፣ የጎማ መንፊያው ሳይቀር በእኔ ፊርማ ወጥቶ በእኔ ፊርማ ይገባል። የጉዞ ቅሬታም እንዲሁ፤ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው።

መንገዱ ሁሉ ሰላም በነበረበት ዘመን ነው። ታኅሣሥ ላይ ከአዲስ አበባ የመጡ ባልና ሚስት በዘጌና በቁንዝላ በኩል ጎርጎራ ድረስ በሳይክል ሄደው በጀልባ ተመለሱ። ሴትየዋ ዕቃቸውን እንኳ ሳያራግፉ ስሊፒንግ ባጉን ታቅፈው ስቶር ገቡ። ውስጡ የተሰፋውን መለያ ጨርቅ ገልብጠው፣ "ይኸው አምስት ዲግሪ ይላል። እኔ ግን ሌሊቱን ስንቀጠቀጥ ነው ያነጋሁት" አሉኝ። ባለቤታቸው ከኋላ ቆመው ይስቃሉ። በዚያው ድንኳን፣ በዚያው ዓይነት ባግ፣ እሳቸው ሞቋቸው ዚፑን ከፍተው ነበር ያደሩት።

አለቃችን ወዲያው ፈረዱ። "ባጉ ቀጭን ነው፤ ወፍራም እንግዛ። ዋጋ አጣሪ" አሉ። አስጎብኚው ልጅ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ ሁለት ኪሎ ሊጠጋ ይችላል፤ ሳይክል ላይ ደግሞ ቦታው መሪው ላይ ነው፣ ሌላ ቦታ አይገባማ። መሪ ላይ ክብደት በበዛ ቁጥር የፊት ጎማው ጠጠር ላይ ይዋልላል፤ ፍጥነት ሲቀንስ ደግሞ መሪው በራሱ መታጠፍ ይፈልጋል። ልጁ ለወራት ሲታገል የነበረው ያንን ጭነት ለማቅለል ነው።

እኔ ግን ነገሩ አልጣመኝም። ሁለት ሰው፣ አንድ ዓይነት ባግ፣ አንድ ሌሊት፤ አንዱ ሞቆት አንዱ በርዶት? መጀመሪያ መለያ ጨርቁን በደንብ አነበብኩት። የሙቀት መጠኑ አንድ ቁጥር አይደለም፤ ሦስት ነው። የመጀመሪያው "ምቾት" የሚባለው 10 ዲግሪ ይላል፣ ሁለተኛው "ወሰን" 5፣ ሦስተኛው ከዜሮ በታች ነው። መለኪያው ዓለም አቀፍ ነው፤ አይ ኤስ ኦ 23537 ይባላል። "ምቾት" የተሰላው ዘና ብላ ለተኛች አማካይ ሴት ሲሆን "ወሰን" ደግሞ ተኮራምቶ ለተኛ አማካይ ወንድ ነው። ሦስተኛው ቁጥር ሰው ነፍሱን የሚያተርፍበት እንጂ የሚተኛበት አይደለም። ሻጭ ግን ብዙ ጊዜ ከምቾት ይልቅ ዝቅ ያለችዋን ቁጥር በትልቁ ይጽፋል። የጣና ዳር የታኅሣሥና የጥር ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ስለዚህ ሴትየዋ ገና ሲጀመር ከምቾታቸው በታች ነበሩ። ለሴት እንግዳ የመጀመሪያውን ቁጥር አይቶ መስጠት እንደሚገባ ያን ቀን መዝገቤ ላይ ጻፍኩ።

ይህ ብቻውን ግን ሌሊቱን ሙሉ አያንቀጠቅጥም። ልጁን ጠራሁት።

"ምን ላይ ነው ያስተኛሃቸው?"

"እትዬ፣ እሳቸውንማ አዲሷ ፍራሽ ላይ ነው። የምትነፋዋ፣ ወፍራሟ። ለባልየው አሮጌዋን ስፖንጅ ሰጠሁ።" ሴትየዋን አክብሮ መሆኑ ነው።

ነገሩ ያኔ ገባኝ፤ አለቃችንን በቃል ማሳመን ግን ከባድ ነው። በዐይን ያላዩትን አይፈርሙም። ስለዚህ የሌሊት ጥበቃችንን አስቸገርኳቸው። በድርጅቱ ታሪክ ጥበቃ "ይተኙ" ተብሎ የታዘዘበት ሌሊት ያ ብቻ ይመስለኛል። ልጁ በር ጠበቀ፣ ጋሼ በረንዳው ሲሚንቶ ላይ በዚያው ባግ ተኙ፤ መጀመሪያ በአየር በምትነፋዋ ፍራሽ ላይ፣ ቀጥሎ በስፖንጇ፣ መጨረሻ ደግሞ ራሳቸው ከቤታቸው ባመጡት የበግ አጎዛ ላይ።

ጠዋት አለቃችን ባሉበት ጠየቅናቸው። "ለስላሳነቷን አልክድም" አሉ ፍራሿን እያመለከቱ፤ "ግን ልጄ፣ ከሥሬ ንፋስ ያለ ነው የመሰለኝ። ወገቤ ቀዘቀዘ። ስፖንጇ ትቆረቁራለች እንጂ ታስተኛለች። አጎዛውንማ ለምን ትጠይቂኛለሽ?"

አለቃችን ፍራሿን አንስተው መዘኗት፣ ጫን ብለው አዩዋት። "ይቺ እኮ እጅ ሙሉ ትወፍራለች" አሉ። ውፍረቷ ነው ሁሉንም ያታለለው። ሰውን የሚያሞቀው አየር ነው፤ ግን ቦታውን ይዞ መንቀሳቀስ የተከለከለ አየር። ባዶ ፍራሽ ውስጥ ያለው አየር እንደልቡ ይዞራል፤ ከጀርባ ሙቀት ተቀብሎ ወደ መሬት ያወርዳል፣ ቀዝቅዞ ይመለሳል። ስፖንጅ ግን አየሩን በጥቃቅን ቀዳዳ ቆልፎ ይይዛል፤ የበግ ፀጉርም እንደዚያው። ባጉ ከሥር አይረዳም፣ የገላ ክብደት ሙሌቱን ይጨፈልቀዋልና። ሁለት ኪሎ የሚመዝን ባግ ቢገዛ እንኳ ከጀርባ በኩል ያለው ግማሽ ተጨፍልቆ ነው የሚያድረው፤ የተጨመረው ክብደት የሚጠቅመው ለላይኛው ጎን ብቻ ነው።

ፍራሽም የራሱ ቁጥር አለው፤ "አር ቫሉ" ይሉታል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ከመሬት ቅዝቃዜ የበለጠ ይከላከላል። ድሮ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ይለካው ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ግን ትልልቆቹ አምራቾች ኤ ኤስ ቲ ኤም ኤፍ 3340 በሚባል የጋራ መለኪያ ስለሚጠቀሙ ማወዳደር ይቻላል። ውስጧ ባዶ የሆነች ፍራሽ 1 አካባቢ ናት። ተጣጣፊ ስፖንጅ 400 ግራም ገደማ መዝኖ 2 አካባቢ ይሰጣል። ውስጡ አንጸባራቂ ሽፋን ወይም ሙሌት ያለው ተነፊ ፍራሽ ደግሞ ግማሽ ኪሎ እንኳ ሳይሞላ ከ3 በላይ ይደርሳል። ቁጥሮቹ ይደመራሉም፤ ስፖንጅ ላይ ፍራሽ ቢደረብ ሁለቱ ተደምረው ይቆጠራሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ ወዲያው የፈነጠዘው ስፖንጅ ከኮርቻው ኋላ በላስቲክ ታስሮ ሊሄድ ስለሚችል ነው፤ መሪው ነጻ ይሆናል።

አለቃችን ግን አንድ ነገር ይዘው ቀሩ፤ የዝይ ላባ ባግ። ቀላል ነው፣ ሲታጠፍ ትንሽ ይሆናል፣ ፎቶውም ያምራል። በዚህ አልተስማማሁም፣ አሁንም አልስማማም። ላባ ደረቅ እስከሆነ ድረስ የሚወዳደረው የለም፤ ለጉና ወይም ለሰሜን ተራራ ብርድ እኔ ራሴ እፈርምለታለሁ። ሐይቅ ዳር ግን እንግዳ ሁሉ ድንኳኑን ውሃው አጠገብ ካልተከልክልኝ ይላል፣ ለፎቶው ሲል። ጠዋት ድንኳኑ ከውስጥ ያንጠባጥባል፤ የባጉ እግር ጫፍ ግድግዳውን ነክቶ ይረጥባል። የረጠበ ላባ ይጓጉላል፣ ሙቀቱም አብሮት ይሄዳል፤ በማግሥቱ ታጥፎ ሲታሰር ደግሞ ርጥበቱን እንደያዘ ይቀጥላል። ሰው ሠራሹ ሙሌት ትንሽ ቢከብድም ርሶ እንኳ የተወሰነ ያሞቃል። ለማንኛውም ድንኳን ከውሃው ራቅ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ ዛፍ ሥር መተከል አለበት። ጉማሬም ሌሊት ሣር ለመጋጥ የሚወጣው በዚያው ዳርቻ ነው፤ ይህን ስንነግራቸው የማይስማማ እንግዳ አላጋጠመኝም።

ክብደት ለመቀነስ ድንኳኑን ትተን ሸራ ብቻ እንወጥር የሚል ሐሳብም ከልጁ መጥቶ ነበር። ወባ ባለበት ዳርቻ አጎበር የሌለው መኝታ አላወጣም አልኩት፤ በዚሁ አለቀ።

የግዢ ጥያቄው ሲመጣ አለቃችን "ወፍራም ስሊፒንግ ባግ" የሚለውን በቀይ ሰርዘው "ስፖንጅ ምንጣፍ፣ ተጣጣፊ" ብለው ፈረሙ። ዋጋው ከባጉ ሲነጻጸር ኢምንት ስለነበር ሂሳብ ክፍል ስህተት መስሎት መልሶ ጠየቀ። ለሴትየዋ የአንድ ሌሊት ሂሳብ ተመለሰላቸው። ወፍራሟን ፍራሽ አልጣልናትም፤ ሚያዝያና ግንቦት፣ ሌሊቱ ራሱ ሲሞቅ፣ ብቻዋን ትወጣለች። ከጥቅምት እስከ የካቲት ግን ስፖንጅ ካልተደረበላት በእኔ ፊርማ ከስቶር አትወጣም።