ሦስት ጠርዝ በፑል ጠረጴዛ፦ የአራት ወር ልምዴ

ባለፈው ቅዳሜ ኮምቦልቻ ላይ ከ20 የሦስት ጠርዝ ሙከራ 9ኙ ተሳካልኝ። ስጀምር ከ20 ሁለት ብቻ ነበር። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ ላካፍላችሁ።

ለማታውቁት፣ ሦስት ጠርዝ የሚባለው ቢሊያርድ ቀዳዳ በሌለው ጠረጴዛ ላይ በሦስት ኳስ ነው የሚጫወቱት። የራስህ ኳስ ሌሎቹን ሁለቱንም ኳሶች መንካት አለባት። ሁለተኛዋን ከመንካቷ በፊት ግን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ከጠርዝ መንጠር ግዴታዋ ነው። የውድድሩ ጠረጴዛ 2.84 በ1.42 ሜትር ነው። እኔ የምለማመደው በተራ የፑል ጠረጴዛ ነው። ቀዳዳዎቹን በጨርቅ እወትፋቸዋለሁ። የፑል ቤቱን ባለቤት ሳስፈቅድ ፈርቼ ነበር፤ "አብሽር፣ ሰው ሳይመጣ ብቻ ጨርስ" አሉኝ። ስለዚህ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚያ ነኝ።

ወደዚህ ጨዋታ የሳበኝ የቤልጅየሙ ሬይሞንድ ሴለማንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ከዚያ እስከ 1973 በየዓመቱ ማንም አልነጠቀውም። 11 ዓመት በተከታታይ! በ1974 ጃፓናዊው ኖቡአኪ ኮባያሺ ዋንጫውን ወሰደበት። እኔ ብሆን እዚያ ላይ ስቲኬን የምሰቅል ይመስለኛል። እሱ ግን በ1975 መልሶ ወሰደው፣ እስከ 1980ም አልለቀቀም። የመጨረሻውን የዓለም ዋንጫ ያነሳው በ2001 ነው፣ በ64 ዓመቱ። እኔ 41 ዓመቴ ነው። ጠዋት ብርዱ ከአልጋ አላስወርድ ሲለኝ ይህቺን 64 አስባታለሁ።

አሁን ወደ ልምምዱ። ጠርዙ ላይ ያሉትን ትንንሽ ምልክቶች ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ለጌጥ አይደሉም፣ መቁጠሪያ ናቸው። እያንዳንዱ ምልክት 10 ነው። ኳሷ ከማዕዘን ከተነሳች መነሻዋ 50 ይባላል። በሦስተኛው ጠርዝ 20 ላይ እንድትደርስ ከፈለግኩ ከ50 ላይ 20 እቀንሳለሁ፤ 30 ይቀራል። ስለዚህ ከፊት ለፊት ባለው ረጅም ጠርዝ ላይ 30ን አያለሁ። ቁጥሩ የሚጀምረው ከሩቁ ማዕዘን ነው። ኳሷ ረጅሙን ጠርዝ፣ ከዚያ አጭሩን፣ ከዚያ ሌላኛውን ረጅም ትመታለች። መጀመሪያ የሠራልኝ ቀን ብቻዬን ጮህኩ።

ሁለት ወር ሙሉ ያስቸገረኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሥራ ምክንያት ደሴና ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ኮምቦልቻ ልክ 20 ላይ ያረፈች ኳስ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ላይ በዚያው አመታት ስሞክራት ግማሽ ምልክት ያህል ትስታለች። ጥፋቱን እጄ ላይ ጣልኩት። አቋቋሜን ቀየርኩ፣ አያያዜን ቀየርኩ፤ ያልተበላሸውን አበላሸሁት። አንድ ቀን ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሲያካፋ ጨርቁን በመዳፌ ዳሰስኩት። ቀዝቃዛና እርጥብ ነበር። ኳሷም ስትሄድ ድምፅዋ ከባድ ነው፣ ሦስተኛው ጠርዝ ላይ ስትደርስ ጉልበቷ አልቋል።

በትልልቅ ውድድሮች ጠረጴዛውን ከሥር በኤሌክትሪክ የሚያሞቁት ለዚህ ነው። እርጥበት ጨርቁን ያከብደዋል፣ የኳሷንም አካሄድ ይቀይራል። ይህን ቀድሜ አንብቤው ነበር፤ የገባኝ ግን እጄ ጨርቁን ሲነካ ነው።

አሁን ደሴ ስሆን ቁጥር ከመቁጠሬ በፊት አምስት ኳስ ዝም ብዬ ከ50 ወደ 30 እመታለሁ። የት እንዳረፉ በእርሳስ እጽፋለሁ። የዕለቱን ልዩነት ካወቅኩ በኋላ ነው ልምምዱን የምጀምረው። ደሴ ላይ ያለኝ ትልቁ ውጤት ገና ከ20 ስድስት ነው፣ እሱም ፀሐይ በወጣ ቀን። የክረምቱን ቁጥር ለብቻው ደብተር ይዤለታለሁ። ደሴ ውስጥ ሸዋ በርም ሆነ ፒያሳ አካባቢ የምትጫወቱ ካላችሁ አምስቷን ኳስ ሞክሯትና የት እንዳረፈች ንገሩኝ፤ ከእኔ ደብተር ጋር እናስተያየው።