«እስኪ ሦስት ዘፈን ጥሪ»

ጎተንበርግ ውስጥ እየኖረ ስለ ሜታል፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ጊታር ስለሚጮኸው ከባድ የሮክ ሙዚቃ፣ ምንም አልሰማሁም የሚል ሰው ካለ፣ ወይ ከቤቱ አይወጣም፣ ወይ ከስዊድናውያን ጋር ቡና ጠጥቶ አያውቅም። ይህች የወደብ ከተማ ስሟ የሚነሣው በቮልቮ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመቶቹንም ወራቱንም ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) አት ዘ ጌትስ፣ ዳርክ ትራንኩዊሊቲና ኢን ፍሌምስ የተባሉ ባንዶች ዴዝ ሜታል የተባለውን የሜታል ዓይነት ጩኸትና ፍጥነት ከጊታር ዜማ ጋር አዋሕደው፣ የዘርፉ ሰዎች እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም የሚጠሩትን ስልት ፈጠሩ። አሜሪካ ውስጥ በ2000ዎቹ የተነሡ ብዙ ባንዶች የተማሩት ከእነዚህ ነው።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት ፈልጌ አይደለም። የምሠራው የጭነት መኪና በሚገጣጠምበት ፋብሪካ ነው። ፊካ በሚሉት የቡና ዕረፍት ከአጠገቤ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ከጉርምስናው ጀምሮ የሜታል ሰው ነው። ጢሙ ደረቱ ላይ ስለሚደርስ ጢማሙ ብዬ ልጥራው። ከሥራ ሲወጣ የሚደርባት እጅጌ የሌላት የጂንስ ጃኬት አለችው፤ ከላይ እስከ ታች የባንድ ስም በተጻፈባቸው ቁራጭ ጨርቆች ተሸፍናለች። በዓይኑ ያላየውን ባንድ ስም ጃኬቱ ላይ አይሰፋም። ይህ ለእርሱ ሕግ ነው፤ ሕጉን የማያከብር ሰው ደግሞ በእርሱ ቋንቋ «አስመሳይ» ይባላል።

እኔ በጥላሁንና በብዙነሽ ካሴት ያደግሁ ሰው ነኝ። ጢማሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሲያደርግልኝ ቃሉ አንድም አልገባኝም፤ ቁጣው ግን ገባኝ። ሰርግ ላይ ሽለላ የሚያወጣ ሽማግሌ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ሲፎክር ትዝ አለኝ። የእኛ ሰዎች ደግሞ «የሰይጣን ሙዚቃ» ይሉታል። ከሜዳ ተነሥተው እንዳልሆነም ልናገር፤ በጎረቤት ኖርዌይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብላክ ሜታል የተባለው ሌላው የሜታል ዓይነት ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል፤ ቤርገን አጠገብ የነበረው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በ1992 ተቃጥሏል። ጢማሙ ይህ ሲነሣበት ይቆጣል። የእርሱ ሰዎች ሌሎች ናቸው።

ፊካ ላይ የማያልቀው ክርክር የሜታሊካ፣ የታዋቂው የአሜሪካ ሜታል ባንድ፣ ጉዳይ ነው። ባንዱ በ1984 በለስላሳ ጊታር የሚጀምር ዘፈን ሲያወጣ አንዳንዶች «ተሸጡ» አሉ፤ ለገንዘብ ብለው ሙዚቃቸውን ከዱ ማለታቸው ነው። በ1989 ለዓመታት አንሠራም ያሉትን የቪዲዮ ክሊፕ ሲሠሩ «ተሸጡ» ተባለ። በ1991 ከአዘጋጁ ቦብ ሮክ ጋር ሠርተው ያወጡት፣ ዘፈኖቹ ያጠሩትና የዘገዩት ጥቁሩ አልበም ሲመጣ ግን ጩኸቱ ጣሪያ ነካ፤ አልበሙም እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከ30 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በ1996 ፀጉራቸውን ሲቆረጡ እንኳ የከዱት ያህል ያዘነ ሰው ነበር። ለጢማሙ ሜታሊካ የሞተው በ1991 ነው። በዕድሜ ትንሽ የሚበልጠው የቀለም ክፍሉ ሠራተኛ ደግሞ የለም፣ በ1986 ነው ይላል። እኔ ከዳር ሆኜ እንደታዘብሁት ሁሉም ሙዚቃው ሞተ የሚልበት ዓመት የራሱ ወጣትነት ካለቀበት ዓመት ብዙም አይርቅም። የእኛም ሰው «ከካሴት ወዲህ ዘፈን የለም» ይል የለ!

1986 ያለው ግን ምክንያት አለው። በዚያ ዓመት መስከረም 27 ንጋት ላይ ሜታሊካ ስቶክሆልም ላይ ተጫውቶ ወደ ኮፐንሃገን ሲጓዝ፣ አውቶቡሱ ዩንግቢ አቅራቢያ ተገልብጦ የባስ ጊታር ተጫዋቹ ክሊፍ በርተን በ24 ዓመቱ ሞተ። ቦታው ከእኛ ከተማ በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ነው። በ2006 የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። ስዊድን ውስጥ ለዚህ ትውልድ ሜታሊካ የሩቅ አገር ባንድ ያልሆነው በዚህም ጭምር ነው፤ ኀዘኑ ደጃቸው ላይ የደረሰ ነው።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ።

በ2022 ክረምት የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበረች። ስትሬንጀር ቲንግስ የተባለው ተከታታይ ፊልም አራተኛ ምዕራፍ ሲጠናቀቅ፣ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ የሜታሊካን ማስተር ኦፍ ፐፔትስ የተባለ ዘፈን በጊታር ይጫወታል። ዘፈኑ የወጣው በ1986 ነው። ከፊልሙ በኋላ ግን ዕድሜውን ሙሉ ገብቶበት በማያውቀው የአሜሪካ የመቶዎቹ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ላይ ወጣ። ለፊልሙ ከተቀዳው የጊታር ድምፅ ከፊሉን የተጫወተው የሜታሊካው ባስ ተጫዋች የሮበርት ትሩሂዮ ልጅ ታይ ነው። ልጄ ይህን ሁሉ ያጠናችው በአንድ ሳምንት ነው። ዘፈኑን እየመላለሰች ሰማችው፣ ወደ ኋላ ሄዳ የቀደሙትን አልበሞች ሰማች፣ ማዘጋጃ ቤቱ ለልጆች በሚሰጠው የሙዚቃ ትምህርት ጊታር ተመዘገበች፤ በመጨረሻም የባንዱ ስም ያለበት ጥቁር ካናቴራ ገዛች።

ካናቴራው ነው ጣጣውን ያመጣው። የትራም ፌርማታ ላይ ከአንድ ወንድ ጓደኛዋ ጋር ቆማ ሳለች አንድ ጎልማሳ ቀረበና «እስኪ ሦስት ዘፈን ጥሪ» አላት። ጓደኛዋም ያንኑ ካናቴራ ለብሷል፤ እርሱ ግን አልተጠየቀም። ጓደኛዋ ነጭ ነው። ሰውየው ለምን እርሷን መረጠ? ሴት ስለሆነች ነው? ጥቁር ስለሆነች? ወይስ ከጓደኛዋ ቀድማ ዓይኑ ውስጥ ስለገባች ብቻ? አላውቅም፤ እርሷም አልጠየቀችውም። ሠላሳ ዘፈን መጥራት የምትችል ልጅ አንድም ሳትጠራ ዝም ብላ ትራሙ ላይ ወጣች።

በዚያው ሰሞን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ላይ ሳለን አንዲት እናት ቀርበው አገጯን ያዝ አድርገው፣ «የኔ ቆንጆ፣ አማርኛ ትችያለሽ? እስኪ አንድ ነገር ተናገሪ» አሏት። እርሳቸው በፍቅር ነው የጠየቁት፤ ይህን እመሰክራለሁ። ልጄ አማርኛዋ ደህና ነው፤ ከአያቷ ጋር በስልክ የሚፈጀው ሰዓት ምስክር ነው። አሁንም ዝም አለች። እናትየዋ ወደ እኔ ዞረው «አላስተማራችኋትም?» አሉኝ። መኪና ውስጥ ስንገባ «አባዬ፣ ሰው ሁሉ ቲኬት ቆራጭ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ይህ ንግግር ሳምንቱን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ምክንያቱም ይህን ፍተሻ እኔም አውቀዋለሁ። ስዊድን የመጣሁት በቤተሰብ ማገናኘት፣ በአውሮፕላን፣ ሻንጣዬን ይዤ ነው። እዚህ ካሉት ታላላቆቻችን ብዙዎቹ የመጡት በደርግ ጊዜ ሌሊት ሌሊት በእግራቸው ሱዳን ገብተው፣ ገዳሪፍና ካርቱም ዓመታት ከርመው ነው። በለቅሶም በሰርግም አንድ ጥያቄ አለቻቸው፤ «በየት በኩል መጣህ?» በአውሮፕላን ስትል «አሃ» ይላሉ። ያቺ «አሃ» ብዙ ትናገራለች። እኔ አልቀየማቸውም። ለቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ኪራይ ከቆሻሻ ማጽዳት ሥራ ደመወዛቸው እያዋጡ የከፈሉት፣ የልጆችን ፊደል ትምህርት የጀመሩት እነርሱ ናቸው። እኔ ስደርስ ሁሉም ነገር ተዘጋጅቶ ነበር። በር የሚጠብቀው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤቱን የሠራው ሰው ነው፤ ጢማሙንም የምረዳው በዚህ ነው።

ስለዚህ ነገሩን ለእርሱ አወራሁት። መጀመሪያ ያለኝ ምን መሰላችሁ? «ታዲያ ጠራች?»

ዘፈን መጥራት መቻሏን ሲያውቅ በሰውየው ተናደደ፤ ንዴቱ ግን አልጣመኝም። ባትችልስ ኖሮ? እዚህ ላይ ተጣላን። የእርሱ ክርክር የዋዛ አይደለም። በወጣትነቱ ሬዲዮ ይህን ሙዚቃ አያጫውትም ነበር፤ ካሴት ከማያውቁት ሰው ጋር በፖስታ ይለዋወጡ ነበር፤ በፀጉሩ ምክንያት ትምህርት ቤት ተደብድቧል። «የደበደቡኝ ልጆች ዛሬ ካናቴራውን ለልጆቻቸው ይገዛሉ» ይላል። በፊልም የመጣ ሰው ፊልሙ ሲያልቅ ይሄዳል፤ እስከዚያው ግን የቲኬቱን ዋጋ ሰማይ ያደርሰዋል፣ ኮንሰርቱን በስልክ ስክሪን ያየዋል፣ ባንዱም ለእርሱ ብሎ መጻፍ ይጀምራል። ኢን ፍሌምስ በ2002 ድምፁን የቀየረው ለአሜሪካ ገበያ ነው ብሎ እስከ ዛሬ ይቅር አላለም። በ2015 ልብስ ሻጩ ኤች ኤንድ ኤም በእውን የሌሉ የሜታል ባንዶች ስም የተለጠፈበት ጃኬት ለገበያ ሲያቀርብ፣ ሙንሶሮውና ፊንትሮል የተባሉት ባንዶች ፊንላንዳዊ ሙዚቀኛ ሄንሪ ሶርቫሊ ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ለእነዚያ ባንዶች የውሸት ታሪክና የውሸት ዘፈን ፈጥሮ ለቀቀላቸው። ጢማሙ ይህን ሲያወራ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ልብስ ሻጩ ላይ ሲሆን ቀልዱ በቦታው ነው።

ልጅ ላይ ሲሆን ግን ሌላ ነው። አንተ የመጣህበት መንገድ እኮ ዛሬ የለም አልሁት። የልምምድ ክፍላችሁን ኪራይ የሸፈነው ማነው? የስዊድን የጥናት ማኅበራት በመንግሥት ድጎማ ለወጣት ባንዶች ክፍልና መሣሪያ ያቀርቡ ነበር፤ ዐመፃችሁ በጀት ነበረው። ዛሬ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ትንንሾቹ ክበቦች በር ላይ በዕድሜዋ ትመለሳለች፤ ካሴት የሚያውሳት ጎረቤት የለም። በየት በኩል ትምጣ? ቀረላት የሚባለው በር ቴሌቪዥን ነው፤ በዚያው መጣች።

ዝም ብሎ ቡናውን ሲያማስል ቆየና መጀመሪያ የወደደው ባንድ ኪስ የተባለው የአሜሪካ ባንድ መሆኑን ነገረኝ። ፊታቸውን ቀብተው እሳት ይተፉ የነበሩት፣ አሻንጉሊታቸው ሳይቀር ለሕፃናት ይሸጥ የነበረው ኪስ! ይህን ሚስጥር ለሌሎች እንዳላወጣ አስምሎኛል፤ በስዊድንኛ አላወጣሁትም።

ሜታሊካዎች ራሳቸው በዚያው ክረምት አዲስ መጤዎቹን ለሚያጣጥል ደጋፊያቸው መልስ ሰጥተው ነበር፤ አርባ ዓመት የወደደንም አርባ ሰዓት የወደደንም እኩል ነው፣ ሁላችሁም አንድ ቀን ከዜሮ ጀምራችኋል የሚል። ጢማሙ «ቲኬት የሚሸጥ ሰው ሌላ ምን ይላል?» አለ። ይህችን ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

በ2023 ሰኔ ባንዱ ኡሌቪ ስታዲየም ለሁለት ምሽት መጣ፤ በሁለተኛው ምሽት ከመጀመሪያው አንድም ዘፈን ሳይደግሙ። ከሁለቱ አንዱን ልጄን ይዤ ሄድሁ። ጢማሙ በዋጋው ተቆጥቶ ቀረ። የሰኔ ፀሐይ እዚህ እስከ ሌሊቱ ድረስ አትጠልቅም ማለት ይቻላል፤ መድረኩ ሜዳው መካከል ነበርና የሰዉን ፊት በደንብ አየሁ። የጆሮ መከላከያ ያደረገ ሕፃን አባቱ ትከሻ ላይ ተቀምጧል፤ ሽበታም ሴቶች አሉ፤ ልክ እንደ ልጄ ከፊልሙ የመጡ ልጆች አሉ። ማስተር ኦፍ ፐፔትስ መካከል ላይ ዘገም የሚልበት ቦታ አለ፤ እዚያ ሲደርስ ስታዲየሙ በሙሉ የጊታሩን ዜማ በአፉ ያዜማል። ግጥም የለውም፤ ዜማ ብቻ ነው። ልጄ ዓይኗን ጨፍና አንድም ኖታ ሳትስት አዜመችው። በዚያ ጩኸት መካከል ማን በ1986 ማን በ2022 እንደመጣ ለመለየት ሞከርሁ፤ አልቻልሁም።

ከዚያ በኋላ ጢማሙ በ1996 የወጣውን የኢን ፍሌምስ ሸክላ አዋሳት፤ «ከዚህ ጀምሪ፣ ከ2002 ወዲያ ግን አትሂጂ» በሚል ትእዛዝ። ሄደች። ኋለኞቹ ይሻላሉ የሚል መልእክት ላከችለት። ፊካ ላይ እኔን እስከማኩረፍ ደረሰ፤ አስተዳደጓን ጠየቀኝ። አሁን በእኔ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ነው የሚከራከሩት። በ2025 መስከረም የአት ዘ ጌትስ ድምፃዊ ቶማስ ሊንድበርግ በ52 ዓመቱ ሲያርፍ ጢማሙን በመልእክት ያጽናናችው እርሷ ነበረች። ከመድረክ ውጭ የትምህርት ቤት መምህር እንደነበር የነገረኝ ደግሞ እርሱ ነው። «ቀኑን ሙሉ ከአሥራ አምስት ዓመት ልጆች ጋር ነበር የሚውለው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

በሚቀጥለው ወር መሃል ከተማ ያለች አንዲት ጠባብ ክበብ ውስጥ ገና ስም ያላወጡ የከተማዋ ልጆች ይጫወታሉ። ጢማሙ እውነተኛው ሜታል ያለው እዚያ ነው፣ ልጅቷ ማየት አለባት ብሎ ቲኬት ሊገዛላት ተነሥቶ ነበር። መግቢያው ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ነው። እርሷ አሥራ ሰባት ናት። ደውሎ ተለማምጧቸዋል፤ እንቢ አሉት። በዚህ ጉዳይ ሁለቱም አንድ ላይ ተቆጥተዋል፤ እኔ የሰማሁት የመጀመሪያ ስምምነታቸው ነው።