ከሐይቁ ማዶ ያለው ጭስ

የቀኝ እጄ አመልካች ጣት ይጠዘጥዘኛል። ስለዚህ ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። ግን የዛሬውን ቀን ዛሬውኑ ካላሰፈርኩት ነገ ግማሹ ይጠፋብኛል።

ጠዋት ስነሳ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 43 ዲግሪ ላይ ነበር። ደጃፋችን ላይ የሰቀልነው ቀዩ የአልኮል ቴርሞሜትር ነው። የሜርኩሪው እዚህ አይሆንም፤ ከዜሮ በታች 39 ገደማ ላይ ራሱ ሜርኩሪው ይረጋል።

የምንኖረው በካናዳ ሰሜን፣ ከየሎውናይፍ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ኢንግራሃም ትሬይል በሚባለው መንገድ ዳር ካሉት ሐይቆች በአንዱ ጥግ ነው። የከተማው መብራትም ውሃም እኛ ጋ አይደርስም። የስልክ ኔትወርክም የለም። ባለቤቴ የአልማዝ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ስለሚሠራ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት ቤት ነው። አሁን እሱ እዚያ ነው። ያለሁት እኔ፣ ምድጃው፣ እና ከሐይቁ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ ነን።

ሰው ስለዚህ አገር ብርድ ሲጠይቀኝ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ስንት ዲግሪ? እኔ ግን ብርዱን የማውቀው በድምፅ ነው። ከዜሮ በታች 15 ላይ በረዶው ከእግር ሥር ያንሾካሽካል። 30 ሲያልፍ እንደ ደረቅ ቆዳ ሲጢጥ ሲጢጥ ይላል። ከ40 በታች ድምፁ ይቀጥናል፣ ብርጭቆ የምትረግጥ ነው የሚመስልህ። ሌሊት ደግሞ ሐይቁ ያጓራል። በረዶው ሲኮማተር ከዳር እስከ ዳር ይሰነጠቅና እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። መጀመሪያ የመጣሁ ሰሞን ከአልጋዬ ዘልዬ እነሳ ነበር። አሁን ካልሰማሁት ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ድምፅ እዚህ ሩቅ ይሄዳል። ቀዝቃዛው አየር መሬት ላይ ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላይ ይሆናል። ድምፁ ወደ ሰማይ መበተኑ ቀርቶ ወደ ታች ይታጠፋል። ጎረቤቴ ማዶ ሆነው እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያው አጠገቤ ያረፈ ይመስለኛል።

በዚህ ብርድ ቀኔ የሚጀምረውም የሚያልቀውም ምድጃው ጋ ነው። ሌሊት ሁለቴ እነሳለሁ። ረመጡን ገለጥ፣ ፍሙን ወደ ፊት ሳብ፣ ሁለት ደረቅ ፍልጥ ጨመር። ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ እንጨት ቶሎ ይያያዛል፣ ቶሎም ያልቃል። በርች የሚባለው ግን እስኪነጋ ይቆያል። የበርች ቅርፊት ዘይት ስላለው ቢርስ እንኳ ይነዳል፤ እሳት ሲጠፋብኝ መጀመሪያ እጄ የሚሄደው ወደ ቅርፊቱ ቅርጫት ነው። ይህን እሳት እወደዋለሁ። እፈራዋለሁም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኦገስት የሰደድ እሳት መጥቶ 20 ሺህ የሚሆን የከተማው ሕዝብ ሁሉ ተነስቶ ወጥቷል። በዚያው ዛፍ፣ በዚያው እሳት ነው ጃንዋሪ ላይ ሕይወታችንን የምናቆየው።

ዛሬ ጠዋት የጋዝ ምድጃው እንቢ አለ። ውጭ ያለው ሲሊንደር ባዶ ሆኖ አይደለም። ውስጡ ያለው ፕሮፔን ከዜሮ በታች 42 ገደማ ላይ ወደ ጋዝ መቀየሩን ያቆማል። ሙሉ ሲሊንደር እያለህ ሻይ ማፍላት አትችልም። ማንቆርቆሪያውን የእንጨት ምድጃው ላይ ጣድኩ።

መኪናውንም አላሰብኩትም። በዚህ ብርድ መኪና ለማስነሳት ሌሊት ቤት ያደረውን ባትሪ ማሰር አለብኝ። በረንዳው ውስጥ ሞቆ ያደረውን ጄነሬተር አስነስቼ የሞተሩን ማሞቂያ መሰካት አለብኝ። ከዚያ ሦስት አራት ሰዓት መጠበቅ ነው። ተነስቶም ጎማው መሬት የነካበት ጎን ጠፍጥፎ ስለሚደርቅ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ድንጋይ ለድንጋይ ነው የሚያስኬድህ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት አንድ ነገር ለማለት ነው። እዚህ ሁሉ ነገር ቀድሞ መደረግ አለበት። ትናንት ያላደረግኸውን ዛሬ ጠዋት ልድረስበት ብትል ብርዱ አይጠብቅህም። እኔ ደግሞ ትናንት ማታ አንድ ትንሽ ነገር ሳላደርግ ተኝቻለሁ። እንጨት ስፈልጥ አላበኝ። የውስጥ ጓንቶቼ ረጠቡ። ከምድጃው በላይ ያለው ገመድ ላይ መስቀል ሲገባኝ ደክሞኝ ስለነበር የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ተውኳቸው።

ከጎረቤቴ ጋር ስምምነት አለን። ጠዋት ጠዋት እኔ የእሳቸውን ጭስ አያለሁ፣ እሳቸው የእኔን ያያሉ። 78 ዓመታቸው ነው። እዚህ ከ40 ዓመት በላይ ኖረዋል። ወደዚህ የሚመጣው መንገድ በሚያቋርጠው በማኬንዚ ወንዝ ላይ ድልድይ ሳይሠራ በፊት፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2012 ድረስ ማለት ነው፣ ወንዙ መርጋት ሲጀምር መኪና የሚያሻግረው ጀልባ ይቆማል፤ በረዶው ደግሞ ገና መኪና አይችልም። በዚያ መሀል ለሳምንታት በመንገድ ምንም አይገባም ነበር። ዛሬም ጓዳቸውን ብታዩት መንገድ ሊዘጋ ነው የተባለ ይመስላል። የጭሱንም ነገር ያመጡት እሳቸው ናቸው። «ልጄ፣ ስልክ ይጠፋል፣ ሬዲዮ ይበላሻል። ጭስ ግን አይዋሽም» ብለውኛል። በእንዲህ ያለ ጠዋት ነፋስ ስለሌለ ጭሱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ይወጣል።

በዚህ ሰሞን ፀሐይ የምትወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይሆናል፤ በረዶውም፣ ዛፉም፣ አየሩም። በዚያ ብርሃን ነው ጭሱን የማየው። ዛሬ በመስኮት አየሁ፤ የለም። ሻይ ቀዳሁ። ተመልሼ አየሁ። የለም። ብርጭቆው ላይ ያለውን አመዳይ በጥፍሬ ፍቄ እንደገና አየሁ። ጣሪያቸው አለ፣ የጭስ ማውጫው አለ፣ ጭስ የለም።

ሆዴ ባር ባር አለ።

መልበስ አሥራ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። መቸኮል አይቻልም፤ ግን ቸኮልኩ። የሱፍ የውስጥ ልብስ፣ ሹራብ፣ የላባ ካፖርት። ጥጥ አልለብስም፤ ጥጥ እርጥበት ይዞ ይቀራል። ቦት ጫማዬ ሰፊ ነው፣ ውስጡ የሚወጣ የሱፍ ገበር አለው። ጠባብ ጫማ ደም ከልክሎ ጣት ያስቆርጣል። ይህን ሁሉ በሥርዓቱ አደረግኩ። ከዚያ እጄን ኪሴ ከተትኩ። ጓንቶቹ ደርቀው ሳይሆን ቀዝቅዘው እርጥብ ነበሩ። ቅያሪ ጓንት ለማምጣት ጫማ አውልቄ ወደ ውስጥ መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። አጠለቅኳቸው፣ በላያቸው አራት ጣት አንድ ላይ የሚይዘውን ትልቁን ጓንት ደረብኩና ወጣሁ።

ሐይቁን ማቋረጥ 600 ሜትር ያህል ነው። በረዶው የጭነት መኪና ይችላል፣ በዚያ በኩል ሐሳብ የለብኝም። መጀመሪያ የሚነካህ አፍንጫ ነው። ውስጡ ያለው ፀጉር በአንድ ትንፋሽ ይደርቃል። ከዚያ ሽፋሽፍት። ብልጭ ድርግም ስታደርግ ላይኛውና ታችኛው ይጣበቃሉ። አለመሮጥ አለብህ፤ ከሮጥክ ያልብሃል፣ ያንን አየርም ሳንባህን እስኪቆርጥህ ትስባለህ። ትንፋሼን በሻርፕ እያጣራሁ፣ እርምጃዬን እየቆጠርኩ ሄድኩ። ያን ያህል ረጅም መንገድ ሄጄ አላውቅም።

በራቸው ገርበብ ብሏል። ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ብርድ ልብስ ደርበው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ቤቱ ውስጥ 4 ዲግሪ ነው። ጭስ ጭስ ይላል።

«እንደምትመጪ አውቅ ነበር» አሉኝ። «ለዚህ ነው ያልወጣሁት።»

ጉልበቴ ከዳኝና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሌሊት እንጨቱ እንዲቆይላቸው የምድጃውን አየር አጥብበው ነው የተኙት። እንጨቱም በደንብ የደረቀ አልነበረም። እሳቱ እየጨሰ ሲነድ ጭሱ ጫፍ ላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ጥቀርሻው ይጣበቃል። የጭስ ማውጫው ክዳን ላይ ያለው ወንፊት ቀስ በቀስ ተደፈነ። መውጫ ያጣው ጭስ ወደ ቤት ተመለሰ። ያተረፋቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ የሚጠቁመው መሣሪያ ነው። ሊነጋጋ ሲል ጮኸ። ተነስተው በሩን ከፈቱ፣ ፍሙን በብረት ባልዲ ዝቀው በረዶ ላይ ደፉት። በ78 ዓመት። በጨለማ። ከዚያ ቁጭ ብለው ጭስ አለመኖሩን እስካይ ጠበቁ።

መሰላል ላይ መውጣት ወገባቸው አይፈቅድም። እኔ ወጣሁ፤ እሳቸው ከታች መሰላሉን ይዘው እየመሩኝ። ረጅም አጣና ተቀበልኩና ክዳኑን ከጎን ከጎን ደበደብኩት። ጥቀርሻው እንደ ጥቁር ቅርፊት ረገፈ። አንዱ ጥግ ግን አልለቅ አለ። ትልቁን ጓንት አወለቅኩና በዚያች እርጥብ ስስ ጓንት ወንፊቱን ያዝኩት። ብረት ነው። አንድ ደቂቃ፣ ምናልባት ሁለት። መጀመሪያ አቃጠለኝ፣ ከዚያ ቆፈነኝ፣ ከዚያ ምንም አልተሰማኝም። ምንም አለመሰማቱ ነው ክፉው። ያኔ ግን ተሻለኝ ብዬ ነው የተጽናናሁት።

ወርጄ ቅርፊት አያያዝኩ፣ ጭራሮ ጨመርኩ፣ ጭሱ ወጣ። እሳቸው ግን እሳቱን ሳይሆን እጄን ነበር የሚያዩት። «ጓንትሽን አውልቂ።»

በየመጽሐፉ ብርድ የመታው ቆዳ ነጭ ይሆናል ይባላል። ቆዳዬ ጠይም ነው። የእኔ ጣት ነጭ አልሆነም፤ አመድ የተነፋበት መሰለ፣ ግራጫ፣ የሞተ። ስነካው እንደ ሻማ ደርቋል። ይህን የሚነግር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፣ ስለዚህ እኔ ልጻፈው፤ ጠይም የሆነ ሰው ነጭ እስኪሆን ከጠበቀ ያልፈዋል።

በሌላኛው እጄ ልፈትገው ስል እጄን ያዙኝ። «አትሺው ልጄ። ውስጡ መስታወት ነው።» ድሮ በበረዶ ይታሽ ነበር አሉ፤ ስንት ጣት በዚያ ሄደ። ምድጃው ጋም እንዳልጠጋው ከለከሉኝ፤ የደነዘዘ ጣት ሲቃጠል አይታወቀውም። መጀመሪያ ብብቴ ሥር አስያዙኝ። ውሃው እስኪሞቅ ድረስ ሳህን አዘጋጁ። ሲሞቅ በክርናቸው ለኩት። ከ37 እስከ 39 ዲግሪ ነው መሆን ያለበት፣ ለሕፃን ገላ እንደሚሆነው። ነከርኩት።

ስለ ሕመሙ ብዙ አልጽፍም። ደሙ ሲመለስ አለቀስኩ። እሳቸው ትከሻዬን ይዘው ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር ትኩስ እየጨመሩ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠገቤ ቆሙ። ቀለሙ ቀስ ብሎ ተመለሰ። ጫፉ ላይ አንዲት ትንሽ ውሃ የቋጠረች አበጥ አለች፤ ንጹሕ ውሃ ነው፣ ደም የለበትም። «ጥሩ ነው» አሉ። «ይቆይልሻል። ግን እንደገና እንዳታስበርጂው። የቀለጠ ጣት ሁለተኛ ከቀዘቀዘ አይመለስም።»

የራሳቸውን ትልቅ ጓንት አጥልቀውልኝ ነው የሸኙኝ። ውስጡ ደረቅ ነበር። ሞቅ ያለ ነበር። እኔ የእሳቸውን እሳት ስለኩስ እሳቸው የእኔን ጓንት ብብታቸው ውስጥ... አይ፣ ጓንቱ የእሳቸው ነው፤ ከብርድ ልብሳቸው ሥር አቅፈውት ነው የቆዩት።

ከ9 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ጠለቀች፤ ከዚያ ጨለመ። አሁን መስኮቱ ጋ ሆኜ ነው የምጽፈው። የማዶው መብራት ይታየኛል፣ ጭሱም በከዋክብቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቴርሞሜትሩ 41 ይላል። የውስጥ ጓንቶቼን ከምድጃው በላይ ገመዱ ላይ ሰቅያለሁ። እየተነሳሁ አገላብጣቸዋለሁ። ግራው ደርቋል፤ ቀኙ ገና ነው።